ሐይቅ መሀል ያለው ቤተ መንግሥት

ከዳውንታውን፣ ከመሀል ከተማው፣ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሐበሻ ሴትዮ የስልካቸውን ስክሪን በጓንታቸው እየወለወሉ አንድ ፎቶ ያያሉ። ሐይቅ መሀል የቆመ ቤተ መንግሥት ነው፤ ማማዎቹ ውሃው ላይ የተኙ ይመስላሉ።

«የት ነው፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ጀርመን። በወጣትነቴ የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር፤ እዚያ ተማርኩ። አሁን የክልሉ ፓርላማ ሆኗል። በቀደም ሄጄ ቱር ሳደርግ የስብሰባ አዳራሹን አሳዩን። ‹እዚህ ጋ እኮ አልጋዬ ነበር› ስላት አስጎብኚዋ ሳቀች። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችኝ።»

ጣታቸው ከማማዎቹ ወርዶ ውሃው ዳር ቆመ።

«እዚህ ጀልባ ይዞ የሚጠብቀኝ ሰው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አገር ቤት ደርሼ እመለሳለሁ ብዬው ነበር።»

ባቡሩ ቆመ። «የኔ ጣቢያ ነው» አሉኝ፤ ግን ዓይናቸው ፎቶው ላይ እንደቀረ አልተነሡም። በሩ ተዘጋ።