በየብስ የማይነገር ምልክት

ዋሲላ እስከ ዓርብ አንድ የፕሮግራም ቋንቋ መምረጥ አለባት። ከርከና ደሴት ላይ ሒሳብ ታስተምራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ የስልክ መተግበሪያ አሠራር በርቀት ትማራለች። ከቋንቋዎቹ ሁለት ቀርተዋታል፦ ስዊፍት የአይፎን፣ ኮትሊን የአንድሮይድ።

የአክስቷ ልጅ ኔጂብ ስፋክስ ከተማ የሚሠራው በስዊፍት ነው። ማክ ኮምፒውተሩን ሊያውሳት፣ ፈረንሳይ ካለ ድርጅትም ሥራ ሊያፈላልግላት ቃል ገባ። ኮትሊን ስትለው ሳቀባት።

«በር ተከፍቶልሽ አጥር ልትዘይ ነው?»

እሷ የምታስበው ስለ አባቷ ነው። አቶ ሽዴሊ ኦክቶፐስ የሚገባባቸውን ማሰሮዎች ባሕር ውስጥ ያሰምጣሉ። ሌባ እንዳያገኛቸው ላያቸው ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አያስሩም፤ የመስጊዱን ማማ፣ ሚናሬቱን፣ ከዘንባባ ጫፍ፣ ዘንባባውን ከጣሪያ እያገጣጠሙ በዓይን ነው የሚያገኟቸው። ይህ ሁሉ ምልክት ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ግን ከወደብ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፍቷቸው ጎረቤት መልሶ አመጣቸው። ዋሲላ ምልክቶቹን ሳይጠፉ የሚይዝ፣ ለማንም የማይልክ መተግበሪያ ልትሠራ ቆርጣለች።

እሑድ በረንዳው ላይ የአሥራ ዘጠኝ ማሰሮ ምልክት ነገሯት፤ ጻፈች። ሰኞ አብረው በጀልባ ወጡ። ነፋስ አልነበረም። ሰማዩና ባሕሩ አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው ጀልባዋ በመካከላቸው የተንጠለጠለች ትመስል ነበር። በጻፈችው ቦታ ሁሉ መንጠቆ ጣለች። የወጣው የባሕር ሣር ብቻ ነው። ረስተውታል ብላ አሰበች።

«የነገርኩሽ ውሸት ነው» አሉ፣ ፈገግ ብለው።

«ለእኔ፣ አባዬ?»

«በየብስ እውነተኛ ምልክት ተነግሮ ያውቃል? ግድግዳም ጆሮ አለው። አያትሽም ለእኔ የነገረኝ እዚሁ ውሃው ላይ ነው።»

የአሳ አጥማጅ ልጅ ሆና ይህን መዘንጋቷ አሳፈራት። ከዚያ በእጇ የያዘችውን ስልክ አየች፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ አንድሮይድ ነው። የአባቷም በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪሳቸው ውስጥ ያለው እንደዚያው ነው። ጀልባዋ ላይ ሌላ ስልክ የለም። ምልክቶቹ ከዚህ ጀልባ ውጭ አይነገሩም፤ መተግበሪያውም በእነዚህ ስልኮች መሥራት አለበት።

ሐሙስ ለኔጂብ ደውላ ኮትሊን መምረጧን ነገረችው።

«ሥራው ያምልጥሽ ታዲያ።»

«ያምልጠኝ።»

መተግበሪያው አራት ወር ፈጀባት። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሲጫኑት ቦታውን ስልኩ ውስጥ ያስቀምጣል። ባሕሩ እንደገና እንደ ወተት በረጋበት ጠዋት ወጡ። አቶ ሽዴሊ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ሚናሬቱን ከዘንባባው አገጣጠሙ፣ ቦታውን ተናገሩ፣ ዋሲላ መንጠቆ ጣለች፣ ማሰሮው ወጣ፣ ቁልፉን ተጫነች። እንዲህ እያሉ አሥራ አንድ ደረሱ።

ለአሥራ ሁለተኛው አፋቸውን ከፈቱ። ቃል አልወጣም። ወደ ደሴቱ ረጅም ጊዜ አዩ፣ ልክ የማያውቀው አገር ላይ እንደደረሰ መንገደኛ።

ዋሲላ ሞተሩን አላስነሳችም፤ ምልክቱ ትዝ እስኪላቸው ጠበቀች። ባሕሩ ጀልባዋን ቀስ እያለ ይዟት ሄደ።