ጾም የገቡ ሳጥኖች

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ነጥብ አያለሁ» እላለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። ደብረ ማርቆስ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የማየው ግን በእርግጥም ነጥብ ነው። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጀርባ አንዲት ሳጥን አለች። ሳጥኗ የሳሙና መያዣ ታክላለች፤ ውስጧ ሲም ካርድ አለ፤ ከጎኗ የወጣው ሽቦ ወተት ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ ቅዝቃዜውን ይለካል፤ እሷም የለካችውን በየጥቂት ደቂቃው ትልካለች። ነጥቧ አረንጓዴ ከሆነች ሳጥኗ እየተናገረች ነው። ግራጫ ከሆነች ዝም ብላለች። እንዲህ ያሉ ሳጥኖች በአምበር፣ በይጁቤ፣ በቁይና በሌሎችም ከተሞች የወተት መሰብሰቢያ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል።

ሁሉንም የሚያስተዳድረው ከውጭ አገር የተከራየነው ፕላትፎርም ነው። እንደኛ ያሉ ባለሙያዎች በየቦታው የተበተነ ዕቃ ከአንድ ቦታ ሆነው እንዲቆጣጠሩበት የተሠራ ነገር ነው። አዲስ ሳጥን ስትመጣ ይመዘግባታል፣ የራሷን ቁልፍ ይሰጣታል፣ ስትታመም ይናገራል፣ የተሻሻለ ፕሮግራም ሲወጣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ያድላል። ዐሥርም ሆነ መቶ ሺህ ለእሱ ያው ነው። እኔ ወሬ የማልወድ ሰው ነኝና ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደድኩት። የጠየቁትን ብቻ ይመልሳል፤ እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው የሚል ነገር የለበትም።

ፕላትፎርሙ ይዞት የመጣ አንድ ደንብ ነበር። ሃምሳ ቀን ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማ ሳጥን እንደ ጠፋች ወይም እንደ ተሰረቀች ትቆጠራለች፤ ሌባ እንዳይገለገልባትም ቁልፏ ይሰረዛል። ደንቡ ለሠሩት ሰዎች አገር ደህና ደንብ ነው። ሥራውን ስንጀምር አዲስ አበባ ያለው አለቃችን ደንቦቹን አንድ በአንድ በስልክ አነበበልን፤ እዚህ ደርሶ ሊያልፍ ሲል ከወሎ የመጣው ባልደረባዬ «በሁዳዴስ?» ብሎ ጠየቀ። እሱ ሙስሊም ነው። እኛ ሌሎቹ ሁዳዴን የምንጾም ነን፤ ሁላችንም ሳቅን። አለቃችን «ላም አትጾምም እኮ» አለው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሳቄን ጨመርኩበት። እውነትም ላም አትጾምም፤ በጾሙም ትታለባለች። የሚታለበው ወተት ግን በየቤቱ እየተናጠ ቅቤ ሆኖ ለፋሲካ ይቀመጣል እንጂ ወደ መሰብሰቢያ አይመጣም። ይህን ከእኛ ወገን የማያውቅ አልነበረም። ስለምናውቀው ነው መሰለኝ ያላሰብነው።

የአምበር መሰብሰቢያ ተረካቢ አንዲት ሴት ናቸው። ቀድሞ በአምበር ገበያ ቅቤ ይሸጡ ነበር። ማኅበሩ ሲቋቋም ወተት የሚያመጡት አባላት፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በሚዛን የማይቀልዱ ናቸው ብለው መረጧቸው። ሳጥኗን የሰቀልኩላቸው እኔ ነኝ። ምን እንደምታደርግ ሳስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው «ወሬ አቀባይ ናት በይኛ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በደወሉልኝ ቁጥር «ወሬ አቀባይሽ ዛሬም አልተኛችም» ይሉኝ ነበር፤ ወሬ የማልወደው እኔም ስልካቸውን መጠበቅ ጀመርኩ።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት ማኅበሩ ስብሰባ ተቀመጠ። ከማርቆስ በሞተር የሚመጣ ነጋዴ ነበር፤ ጀሪካን ይዞ በየደጁ እየዞረ ወተት ይገዛል፣ ቀዘቀዘ ሞቀ ብሎ አይጠይቅም። ከአባላቱ እኩሌታው ወደ እሱ ሊሄዱ ፈልገዋል። ተረካቢዋ ተነሥተው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉና ለመኗቸው። ፋሲካ ይለፍ፣ ከበዓሉ በኋላ የወተት ፋብሪካው የመጀመሪያ መኪና ወተታችንን ከጫነ አብረን እንቀጥላለን፣ ካልጫነ ሁላችሁም ወደ መረጣችሁት ሂዱ፣ እኔም የቤቱን ቁልፍ አስረክባለሁ ብለው ቃል ገቡ። አባላቱ ተስማሙ። ይህን በስልክ ሲነግሩኝ «ምን ያሳስብዎታል፣ ይጫናል» አልኳቸው።

በቅበላ ሳምንት ነጥቦቼ አንድ በአንድ ግራጫ ሆኑ። ለምን እንደሆነ ስለማውቅ አልደነቀኝም፤ የእናቴ ቤት የወተት ዕቃም በዚያ ሳምንት ታጥቦ ይደፋል። የአምበሯ ተረካቢ ማቀዝቀዣውን አጥበው፣ ሽቦውን በአመድ ፈትገው፣ ሳጥኗን ከግድግዳው ነቅለው በነጠላ ጠቅልለው ከወተት ዕቃው ጋር መደርደሪያ ላይ አኖሯት። ይህን አድርጉ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ወተት የነካ ነገር በጾም ወራት ከሰው ፊት ገለል ይላል፤ ሳጥኗም ወተት ነክታለች። በሌሎቹ ከተሞች ያሉት ተረካቢዎች ከእሳቸው ጋር ሳይመካከሩ ያንኑ አድርገዋል።

ፕላትፎርሙም ሃምሳውን ቀን ቆጥሮ የሁሉንም ቁልፍ ሰረዘ። መሰረዙን የሚናገረው መልእክት ለአለቃችን ነበር የደረሰው፤ በሰሙነ ሕማማት። አለቃችን ስግደት ላይ ነበር፤ እኛም ክፍሏን ለበዓሉ ዘግተን ሄደናል።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ማለዳ ተረካቢዋ ደወሉ። «እንኳን አደረሰሽ ልጄ፣ ወሬ አቀባይሽ ዓይኗ ቀላ» አሉኝ። «ሰካኋት፣ ነቀልኋት፣ መልሼ ሰካኋት፤ ያው ናት።» ሳጥኗ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት የምትቀላው ፕላትፎርሙ አላውቅሽም ሲላት ነው። ስክሪኑን ከፈትኩ፤ አምበር የሚል ነጥብ ጨርሶ የለም። ይጁቤም የለም፣ ቁይም የለም። ወዲያው ምን እንደተፈጠረ ገባኝ፤ ሳቃችንም ትዝ አለኝ። ፊቴን አዙሬ ባልደረባዬን አየሁት። እሱ ቀድሞኝ አይቶት ነበር መሰለኝ።

ለአለቃችን ደወልኩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መልሶ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጽፌ ከቀትር በኋላ አደርሳለሁ፣ በየቦታው ሄደሽ አንድ በአንድ ለመመዝገብ አትሩጪ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው አለኝ። እንደ ሥራው ልማድ ልክ ነበር፤ ብዙ ዕቃ የሚያስተዳድር ሰው እያንዳንዱን በእጁ መንካት አይችልም። የወተት መኪናው ግን ከቀትር በፊት አምበር ይደርሳል። የዚያን ቀን ብዙ ነጥብ አልታየኝም፤ አምበር ብቻ። ላፕቶፔን አንሥቼ ወደ መናኸሪያ ወረድኩና ሚኒባስ ያዝኩ።

ስደርስ መኪናው ቆሟል። ግቢው ውስጥ አባላቱ ባዶ ዕቃቸውን ይዘው በግድግዳው ጥላ ተቀምጠዋል፤ ወተቱን ገና ጎሕ ሲቀድ አስረክበው ነበር፣ መጫኑን ሊያዩ ነው የቆዩት። ተረካቢዋ የበዓል ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ነው። ሹፌሩ ትሑት ሰው ነበር። በእጅ ቴርሞሜትር የወተቱን ቅዝቃዜ ለክቶ አሳየኝ፤ ወተቱ ደህና ነው፣ ሊሆን የሚገባውን ያህል ቀዝቅዟል። «እኔማ አየሁት» አለኝ፣ «ስልኬ ካላየው ግን የፋብሪካው በር አይከፈትልኝም፤ ይዤው ብሄድ እዚያው ደጅ ይበላሻል።» ሳጥኗን እንደገና መዘገብኩ፣ አዲስ ቁልፍ ሰጠኋት። መብራቷ አረንጓዴ ሆነ። ከአባላቱ አንዷ እልል ልትል ከንፈሯን ስታዘጋጅ አየኋት።

ሹፌሩ ስልኩን ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። ፋብሪካው የሚቀበለው ወተቱ ማቀዝቀዣ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ቅዝቃዜው የተመዘገበለትን ነው። የእኛ ሳጥን ደግሞ ገና አሁን ተወለደች፤ ከጎሕ እስከ አሁን ያለው ባዶ ነው። ለፋብሪካው ደወለ፤ የሚሉትን ቆሞ ሰማ፣ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ዘጋ። የመጫኛውን ቱቦ ጠቅልሎ መኪናው ላይ መለሰው።

ተረካቢዋ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብለው «ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን የምትጽፊው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ አይደለሁም እማማ። ሳጥኗ ናት።»

«አንቺ ብትጽፊበትስ ይጽፋል?»

ይጽፋል። ለማስተማሪያ ቁጥር የሚገባበት ቦታ አለ፤ ሠልጣኞችን ሳስተምር ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፣ ከእውነተኛው የሚለየውም የለም። ወተቱ ቀዝቃዛ ነው። ከጎሕ ጀምሮም ቀዝቃዛ እንደነበር አልተጠራጠርኩም፤ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሲሠራ አድሯል። የምጽፈው ውሸት አይሆንም ነበር። ነገር ግን ያላየሁትን አንዴ ከጻፍኩ የይጁቤንም የቁይንም ነጥብ ማን ያምናል፣ እኔስ ራሴ እንዴት አምናለሁ አልኩ። «ይጽፋል፣ ግን አልጽፍም» አልኳቸው። ትክክል ነበርኩ፣ አሁንም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ላፕቶፑን ግን ቀና ብዬ ሳላያቸው ዘጋሁት።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያስ ይቅር፤ አንቺም እንጀራሽ ነው» አሉና ወደ አባላቱ ዞሩ። «ወተታችሁን ውሰዱ» አሏቸው፤ የሰበሰቡበትን ሚዛን አንሥተው ለእያንዳንዷ ያመጣችውን ያህል እየለኩ መለሱ። ወረፋ ይዘው በየዕቃቸው ተቀበሉ። ያማረረ የለም፤ ሁሉም የተገባውን ቃል ያውቀዋል። መኪናው ባዶውን ሄደ። የመጨረሻዋ ሴት ከመውጣቷ በፊት የሞተር ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ።

ተረካቢዋ ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊያስረክቡ ቢሉ ሊቀ መንበሩ ለጊዜው እርስዎ ጋ ይቀመጥ አሏቸው። ተረካቢዋ እኔን ምሳ ሳትበይ አትሄጂም አሉኝ። የበዓል ዶሮ ነበር። በላሁ፤ እንቢ ማለት አልቻልኩም።

የአለቃችን ፕሮግራም ከቀትር በኋላ ደረሰ። በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ነጥቦች ተመልሰው መጡ፤ ደስ ብሎት መልእክት ላከልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይጁቤና ቁይ የአንድ ቀን ወተት ከስረው፣ አጉረምርመው ቀጠሉ። አምበር አልቀጠለም።

በወሩ ፕላትፎርሙ ላይ አዲስ ሁኔታ ጨመርን፤ «ጾም ላይ» አልነው። ተረካቢዎች ከቅበላ በፊት ሳጥኗ ላይ ያለችውን አዝራር ሲጫኑ ነጥቧ ወደዚያ ትገባለች፤ ዝም ብትልም ቁልፏን ማንም አይሰርዝባትም። ይህን ጽፎ የጨረሰው ያ ከወሎ የመጣው ባልደረባዬ ነው። የአምበር ሳጥን የነበረችው ያው ከተረካቢዋ ዘንድ ነው፤ ነጥቧን እኔ ከዚሁ ሆኜ «ጾም ላይ» አስገባኋት። ለሌላ መሰብሰቢያ ላመጣት ይገባኝ ነበር፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት። እሳቸው ወደ ቅቤ ንግዳቸው ተመልሰዋል።

በዓመቱ ፋሲካ አለፈና የወተቱ ጠዋት ደረሰ። ነጥቦቹ አረንጓዴ እየሆኑ ሲመጡ ተቀምጬ አያለሁ፤ መጀመሪያ ቁይ፣ ቀጥሎ ይጁቤ። ሥራው እንዳሰብነው ሄዷል፤ አለቃችንም በስልክ እያመሰገነን ነው። ይህን ጊዜ ከዝርዝሩ ሥር አንዲት ነጥብ አረንጓዴ ሆነች። አምበር ናት። ከጎኗ ያለውን ቁጥር አየሁት፤ የወተት ቅዝቃዜ አይደለም፣ የባዶ ቤት ሙቀት ነው። የአለቃችንን ስልክ ዘግቼ ተረካቢዋ ዘንድ ደወልኩ።

«ታየሽ እንዴ?» አሉኝ፣ ሳልናገር።

«ታየኝ እማማ። ወተት መጣ?»

«ኧረ ከየት መጥቶ። ቤቱን ልጥረግ ብዬ ገብቼ ነው፤ እንዲያው ልያት ብዬ ሰካኋት።» ቀጠል አድርገው፣ «ዘንድሮ ቢሆን ይጫንልን ነበር ማለት ነዋ?»

«ይጫን ነበር» አልኳቸው።

«ደግ» አሉ። መሰኪያው ከግድግዳው ሲነቀል በስልኩ ተሰማኝ፤ ነጥቧም ግራጫ ሆነች።