በአበባ የከለልኩት ድንበር

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ አሥራ አራት ብር ከሃምሳ፣ ሃያ ሁለት አጠና፣ አንድ በግ እና ሦስት ዓመት ከአራት ወር ነው። በጉ ወፍራም ነበር።

ያኔ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ እኖር ነበር። ሥራዬ አጠና መነገድ ነው፤ ከጋራው የባሕር ዛፍ እንጨት በአህያ አስወርድና ቤት ለሚሠራ እሸጣለሁ። በዚያን ዘመን የካ ውስጥ ቤት የማይሠራ ሰው ስላልነበረ አልተራብኩም። የጎደለኝ መጋዘን ነው። አጠናው ደጅ ተቆልሎ ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ አጠና የሚገዛው ዘመድ ብቻ ነው፤ እሱም እያጉረመረመ።

ከቤቴ በላይ በኩል፣ በእኔና በጎረቤቴ መካከል፣ አራት ክንድ ስፋት ያለው ባዶ ቁራጭ መሬት ነበር። መጋዘኑ እዚያ ላይ ልክ ይገባል። ችግሩ መሬቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ቦታዬን ስገዛ ውሉ ላይ "በላይ በኩል እስከ ወይራው" ተብሎ ተጽፏል። ወይራው ደግሞ እኔ ከመግዛቴ በፊት ተቆርጦ ተማግዷል። ጎረቤቴ ድሮ እዚያው ጋራ ላይ ገብስ ያርሱ የነበሩ፣ ኋላ ጥቂት በጎች ብቻ የቀሯቸው አዛውንት ናቸው። ወይራው የት ነበር ስላቸው እጃቸውን ዘርግተው ግማሹን ሰፈር ያሳዩኛል።

ማጠር እችል ነበር፤ አጠናው የራሴ ነው። ግን አጥር ያጠረ ሰው በማግሥቱ ይከሰሳል። አበባ ተክሎ የተከሰሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ዘሩን ያገኘሁት አጠና ላደርስ ከገባሁበት የፈረንጅ ግቢ ነው። ግድግዳው ሥር ከሰው ቁመት በላይ የቆመ አበባ አየሁ፤ በአንድ ግንድ ላይ ከታች እስከ ላይ እንደ ስኒ የተከፈተ፣ ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ጥቁር ለመሆን ትንሽ የቀረውም አለ።

"ስሙ ማነው?" አልኩት አትክልተኛውን።

"እመቤቲቱ የምትጠራበት ስም አለ። ለእኔ አፍ አይሆንም።"

"ይረዝማል?"

"ይኸው እያየኸው።"

በሁለት አጠና አንድ እፍኝ ዘር በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጠፍጣፋ ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል። መቼ እንደሚያብብ አልጠየቅኩም። እንጨት የሚነግድ ሰው የሚጠይቀው ስለ ርዝመት ነው።

ሰኔ ሲገባ ቆፋሪ ቀጥሬ በቁራጩ መሬት የላይኛው ጫፍ፣ ጎረቤቴ አፍንጫ ሥር ማለት ነው፣ አንድ ረድፍ ዘራሁ። አዛውንቱ ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ።

"ምንድነው የምትዘራው ልጄ?"

"አበባ ነው አባባ። ለዓይን።"

"ለዓይን።" ትንሽ አሰቡ። "የበግ ፍግ አለኝ፤ ላምጣልህ?"

ሁለት ጆንያ ሰጡኝ። እኚህ ሰው ገበያ ቢወጡ በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ ብዬ አዘንኩላቸው።

ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ ጋራው በአደይ ቢጫ ሆነ። የእኔ መሬት ላይ የተነጠፈ ቅጠል ብቻ ነው። ሰፊ፣ ሸካራ፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን ልት የሚመስል።

"በሁለት አጠና ልት ገዛህ?" አለች ባለቤቴ።

"ይቆያል።"

"ልት እኮ መንገዱ ላይ በነጻ አለ። ንቀልልኝ ብትለው ተሸክሞ የሚያመጣልህም አታጣም።"

ሰፈሩ "የፈረንጅ ልት" ብሎ ስም አወጣለት። ተመልሼ አትክልተኛውን ስጠይቀው የመጀመሪያው ዓመት ቅጠል እንደሆነ፣ የሚያብበው በሁለተኛው እንደሆነ ነገረኝ። ለምን ያኔ አልነገርከኝም ስለው፣ "ቸኩለህ ነበር" አለ።

በሁለተኛው ክረምት ግንዱ ተነሣ። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ እንዳይጥለው ሃያ አጠና አቁሜ ደገፍኩት። መስከረም ላይ አበበ። ወደ ሚካኤል የሚሄዱ ሴቶች እየቆሙ ያዩት ነበር። ጥቅምት ላይ ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ጠራሁ፣ በግ አረድኩ፣ ጠጅ አስመጣሁ።

"ድንበራችን ጠፍቶ ነበር" አልኳቸው። "እኔ አበባ ተክዬበታለሁ። አባባም አይተው ዝም አላሉም፤ ፍግ ጨምረውልኛል። ፍግ የሰጠ ሰው ድንበሩን ተቀብሏል።"

ሽማግሌዎቹ ወደ ጎረቤቴ ዞሩ።

"እሱ እንዳለው ይሁን" አሉ ጎረቤቴ። "ድንበሩ አበባው ያለበት ይሁን።"

ያዘጋጀሁት ክርክር በሆዴ ቀረ። ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ብዬ ወረቀት አወጣሁና በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ "ድንበራችን አበባው ያለበት ነው።" እኔ ፈረምኩ፤ እሳቸው የአውራ ጣታቸውን አሻራ አሳረፉ። ከዚያ ከሚስታቸው ጋር በኦሮምኛ አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁ። የእኔ ኦሮምኛ ለገበያ እንጂ ለቀልድ አይበቃም።

መጋዘኑን በማግሥቱ መጀመር ነበረብኝ። ግን በጋ ሰው ሁሉ ቤት የሚሠራበት ወቅት ነው፤ ለመጋዘኑ ለይቼ ያስቀመጥኩትን አጠና ገዢ መጣለትና ሸጥኩት። እንደገና ለየሁ፣ እንደገና ሸጥኩ። ጥር ላይ አበባው ደርቆ ቆመ።

"ይህን ካልፈለግከው ለማገዶ ልንቀለው?" አሉኝ ጎረቤቴ።

"ይንቀሉት አባባ፣ ምን ያደርግልኛል።"

ሥሩን ሳያስቀሩ ነቀሉት።

ዘሩ ግን ቀድሞ ረግፏል። የእሳቸው ቤት ከላይ ነው፣ የእኔ ከታች። ክረምት ሲመጣ ውኃው ዘሩን ይዞት ወረደ። ቁራጩ መሬት ላይ የበቀለውን የጎረቤቴ በጎች ጋጡት። የተረፈው ያንን ሁሉ አልፎ፣ ሁለት ክንድ ወደ ግቢዬ ገብቶ፣ ከጣሪያዬ ጠፈጠፍ ሥር ተሰልፎ በቀለ።

"ወደ እኛ እየወረደ ነው" አለች ባለቤቴ።

"ይውረድ።" ነጋዴ ነኝ፤ ሳልገዛው ደጄ የመጣ ዕቃ አልመልስም። እንዲያውም አረምኩለት።

አዛውንቱ አልቸኮሉም። ወረቀቱ የሚለው አበባ ነው፤ ቅጠል አይልም። ሌላ ክረምት እስኪያልፍ ጠበቁ። መስኮቴ ሥር አብቦ ጥቅምት ሲገባ እነዚያኑ ሦስት ሽማግሌዎች ጠሩና ለሦስተኛው ቀን ቀጠሩ።

በመካከሉ ከአበቦቹ አሥራ ሁለቱን ነቅዬ ወደ ድሮው ረድፍ አወጣኋቸው። ሥሩ እንደ ካሮት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው፤ ሁሉም መሐል ላይ ተበጠሰብኝ። የቀሩትን ነቅዬ ልጥል ስነሣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ሽማግሌ ከጠየቀኝ ያየሁትን አላየሁም አልልም" አለች።

መቆፈሪያውን አስቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ላይ ያሉት አሥራ ሁለቱ አበቦች አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

"እነዚህ ታመዋል እንዴ?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

"የለም" አሉ ጎረቤቴ። "ዳገቱ አድክሟቸው ነው።"

ወረቀቱ ይነበብ ተባለ። እዚያ ከነበርነው ፊደል የቆጠርኩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ እኔው አነበብኩት። ከጀርባው ሌላ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ገልብጬ አየሁ፤ አልተጻፈም።

"ጽሕፈቱ የማን ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"የእኔ።"

"ጥሩ ጽሕፈት ነው።"

በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ መስኮቴ ሥር ባለው የአበባ መስመር አጥር አጠሩ። አጠናውን የገዙት ከእኔ ነው፤ ተከራክረው አስቀነሱኝ። ሒሳቡ ሲዘጋ፦ የፈለግኩት አራት ክንድ አልተገኘም፣ ከገዛሁት ቦታ ሁለት ክንድ ጎድሏል፣ መጋዘን የለም፣ ከአጥሩ አጠና የተገኘ ትርፍ ስድስት ብር።