አትለዪኝ

ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። መርሳ ወንዝ ዳር ቆመን አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጫፍ እኔ ይዘን እናጠማዝዘዋለን። የጋራዥ ሰው ስለነበር ክንዱ ብርቱ ነው፤ ባጠማዘዘ ቁጥር እኔን ወደ ፊት ይስበኛል።

"ልጅቷን ብትጠሪያት ኖሮ እሷ ትችለኝ ነበር" አለኝ።

"የት አግኝቻት? ሜዳ ናት።"

"ታዲያ ቅዳሜ አይደል እንዴ? የት ትሁንልሽ?"

ልጃችን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። መረብ ኳስ ትጫወታለች። በዚህ ጉዳይ እኔና እሱ ተስማምተን አናውቅም። እኔ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች፣ በእግሯ ትመለሳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ቅዳሜና እሁድ እንኳ ትረፍ እላለሁ። እሱ ደግሞ ውኃ የሚቀዳ ሰው የሚያስበው ስለ ውኃው ነው፣ ኳስ የሚጫወት ግን ምንም አያስብም፣ ዕረፍት ማለት ይኸው ነው ይል ነበር። አልተቀበልኩትም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ጋራዥ ውስጥ ወደቀ። ወደ ወልድያ ሆስፒታል ስንወስደው መንገድ ላይ፣ ሲሪንቃን ሳናልፍ አረፈ።

ከቀብር ስንመለስ ልጄን አንገቷን አቅፌ "አትለዪኝ" አልኳት። ለቅሶ ቤት የሚባል ነገር ነው። በዚያ ቀን ለእህቴም፣ ለጎረቤቶቼም ብዬው ይሆናል።

አርባው ወጣ። ለቅሶ ደራሹ እየቀነሰ ሄደ። ልጄ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደ ወትሮዋ ትምህርት ቤት ደርሳ ትመጣለች፣ ውኃዋን ትቀዳለች። ቅዳሜና እሁድ ግን አጠገቤ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። ጓደኞቿ በአጥሩ በኩል ይጠሯታል። ወልድያ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር እንዳለና ቡድኑ ልምምድ መጀመሩን ይነግሯታል። "አልችልም" ትላቸዋለች። ሐዘኗ ነው ብዬ ተውኳት።

ከአራት ወር በኋላ ስለ ልጆች የአካል እንቅስቃሴ ለጥናት የምትጠይቅ አንዲት ወጣት ወረቀት ይዛ ከወልድያ መጣች። ቤት ለቤት ነው የምትዞረው። ልጄን ከፊቷ አስቀምጣ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ምን ያህል እንደምትንቀሳቀስ ጠየቀቻት። ልጄ መንገዱን፣ ውኃውን፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ቆጥራ መለሰች።

"ቅዳሜና እሁድስ?"

"እቀመጣለሁ።"

"ቁጭ ብለሽ ብቻ? አሞሽ ነው?"

"ኧረ ደኅና ነኝ። እማዬ አትለዪኝ ብላኛለች።"

ወጣቷ ይህን የምትጽፍበት ቦታ ያጣች ይመስለኛል፤ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ልጄን አየኋት። ፊቷ ላይ ቅሬታ አልነበረም።

እንግዳዋን ከሸኘን በኋላ "እኔ እኮ እንዲያው ያልኩት ነው" አልኳት።

"እንዲያው ነው እንዴ?"

"ታዲያ ለምን አትጠይቂኝም?"

"አንቺስ መች ሂጂ አልሽኝ?"

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሂጂ አልኳት። ጥቁር ቀሚሷን በጥቁር ሱሪና በጥቁር ካናቴራ ቀይራ ስንወጣ ጎረቤቴ ከበራቸው ላይ አዩን። ትልቅ ሴት ናቸው፤ በለቅሶው ጊዜ ከቤቴ አልጠፉም ነበር።

"አንቺ፣ ልጅቷ የአባቷ ዓመት ሳይወጣ ኳስ?"

"ጥቁሯን አላወለቀችም፣ እትዬ።"

"ጥቁር ለብሶ መዝለል ደግሞ ከየት የመጣ ነው?"

"ከእኔ ቤት ነው። ካሳዘንኩዎት ይቅር ይበሉኝ።"

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ደጄን አልረገጡም።

ሜዳው ዳር ስንደርስ ልጃገረዶቹ ምን እንደሚሏት ግራ ገባቸው። ከመካከላቸው አንዷ ጥቁሯን ከላይ እስከ ታች አየችና "ልጆች፣ ዳኛ መጣች!" ብላ ጮኸች።

"ዳኛ ኳስ ትነካለች እንዴ?" አለች ሌላዋ።

"ፊሽካዬን ረስቼው ነው" አለች ልጄ፤ ገባችም። የመጀመሪያውን ኳስ መረቡ ላይ ለጋችው። ሁለተኛውን ከሜዳ ውጪ። ሳቁባት። እሷም ሳቀች። ጥቂት ቆሜ አየሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ለወልድያው ውድድር ተጠባባቂ አድርገዋታል። አሠልጣኙ አራት ወር ቀላል አይደለም ብሏታል፤ እውነቱን ነው። አራቱን ወር ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። እሷ ይህን አንስታብኝ አታውቅም፤ ከልምምድ ግን አንድም ቀን አልቀረችም።

አሁን ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ቤት እውላለሁ። ይህን የምጽፈው በዚያ ሰዓት ነው፣ በቀን አምስት ስድስት መስመር።