በድምፅ ማጉያ የተባረኩ ዶሮዎች

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ባለው ሰፈር፣ ባል የሌላት ሴት በበዓል ዋዜማ ዶሮዋን ታቅፋ ደጅ ትቆማለች። ወንድ ሲያልፍ «ወንድሜ፣ ባርክልኝ» ትላለች። ሴት ዶሮ አታርድማ! ለምን ቢባል የሚያስረዳ የለም፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። ዕድለኛዋ ታዲያ ወልደ ሐዋርያት የሚያልፍላት ነበረች።

ወልደ ሐዋርያት ቁመቱ አጠር፣ ነገረ ሥራው ዘግየት ያለ ሰው ነው። ቢላዋውን ከጋቢው ሥር ይደብቃል እንጂ ለዶሮዋ አያሳይም። አንዷን ሌላዋ ፊት አያርድም። ወደ ምሥራቅ ዞሮ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ» ካለ በኋላ ነው የሚቆርጠው፤ መፈራገጧ እስኪያበቃም ይዟት ይቆያል። «ቶሎ በል እንጂ!» የሚለው ካለ፣ «ነፍስ ናት እኮ፤ ጎመን መሰለችህ?» ይለዋል።

ወሰን በሚባለው ሰፈር ካለው የዶሮ ቄራ ያስቀጠረው ይኸው ስሙ ነው። የቄራው ባለቤት ነፃነት መገናኛ ላሉ ሱፐርማርኬቶች የምታስረክብ ቀልጣፋ ሴት ናት። ፌስታሉ ላይ መስቀል አሳተመች፤ ከመስቀሉ ሥር ደግሞ «በወልደ ሐዋርያት የተባረከ» አስባለች። ሰውየው መጀመሪያ አፈረ፤ ኋላ ደስ አለው። ስሙን የሚጠላ ማን አለ?

ፋሲካ ሲቃረብ ትእዛዙ በዛ። ዶሮዎቹን በእግራቸው ዘቅዝቆ ወደ ምላጩ እየነዳ የሚያደርስ ማሽን መጣ። የወልደ ሐዋርያት አፍ ማሽኑን ሊከተለው አልቻለም።

«ጋሼ፣ ድምፅዎን እንቅዳውና በስፒከር እንልቀቀው» አለች ነፃነት። «እርስዎም ያርፋሉ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ።»

«እኛ ጋ ገበያው የሚያመልጠው የዘገየ ነው፣ ጋሼ» ብላ ሳቀች።

አሰበበት። ቅዳሴውስ በድምፅ ማጉያ ወርዶ ቤቷ የተኛችውን በሽተኛ ይደርሳት የለ? ቄሱ አልጋዋ አጠገብ ካልቆሙ አልተቀደሰላትም አይባል። ለሰው ከሠራ ለዶሮ ምን ይከለክለዋል ብሎ ተቀዳ። ሞኝነቱ እዚህ ላይ ነው። በሽተኛዋ አንገት ላይ ቢላዋ የያዘ የለማ!

እሱን ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወሩት። በሆሳዕና ሰሞን እቃ ፈልጎ ወደ ማረጃው ገባ። ማሽኑን የሚነዳው በርናባስ ጆሮውን ደፍኖ ሥራውን ይሠራል። ከላይ የወልደ ሐዋርያት ድምፅ እንደ ባለቤቱ ቀስ እያለ ይባርካል፤ «አሐዱ አምላክ» ላይ እስኪደርስ ስንትና ስንት ዶሮ ያልፋል። እያንዳንዷ ከፊቷ ያለችውን እያየች ነው የምትሄደው። አንዳንዷን ምላጩ ስቷት ክንፏን እያማታች ታልፋለች። ወልደ ሐዋርያት የመጣበትን እቃ ትቶ ወጣ።

«ወይ ማሽኑን አዘግዪው፣ ወይ ስሜን አንሺልኝ» አላት ነፃነትን።

«ከፋሲካ በኋላ እናስተካክለዋለን፣ ጋሼ። አሁን ያስጨርሱን።»

ወደ ማሸጊያው ተመለሰ። ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ደሞዝ ነው።

የቀዳም ሹር ጠዋት ወደ ቤቱ ሲወጣ እትዬ ወርቅአየሁን ደጃቸው ላይ አገኛቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ዶሯቸውን የሚባርክላቸው እሱ ነበር። ዛሬ እጃቸው ባዶ ነው።

«ዶሮዋስ፣ እትዬ?»

«ዘንድሮ አላስቸገርኩህም፤ የአንተኑ ገዛሁ እኮ! ሁዳዴን ሙሉ ጾሜማ፣ ማን እንደባረከው በማላውቀው ሥጋ አልፈስክም።»

«ይባርክልዎ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ቢናገር ሥራው እንደሚያበቃ ያውቃል፤ እዚያ ሰፈር ወሬ አያድርም። ግን እግሩ እምቢ አለው።

«እትዬ፣ እኔ አልባረክሁትም። ያረደው ማሽን ነው። የኔ ድምፅ ብቻ ነው የነበረው።»

«ድምፅህ እዚያ ከነበረ፣ አንተ የት ነበርክ?»

«ማሸጊያ ክፍል።»

ሴትዮዋ አልጮኹም። ገብተው ፌስታሉን ይዘው ወጡና እጁ ላይ አኖሩት።

«እንግዲያው አንተው ፈስክበት» ብለው በሩን ዘጉ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በለጡ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ፌስታሉን ስታይ ፊቷ በራ።

«እሰይ! ቄራው ሰጠህ?»

«ተይው፣ አይበላም።»

«ምን ሆነና? ያውልህ፣ ስምህ አለበት!»

«ስሜማ አለ» አለና ሁሉንም ነገራት።

በለጡ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ወይ ጉድ! ሰፈሩ በሙሉ እኮ አንተን ብሎ ነው የገዛው። ነገ ሊፈስክበት ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ሥራህስ?»

 ነጠላውን ደረብ አድርጎ ወጣና የጎረቤቱን በር አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ወልደ ሐዋርያት።»

«ውይ፣ ግባ፣ ግባ!» አለ ከውስጥ ደስ ያለው ድምፅ። «ስለ ዶሮው ልናመሰግንህ ነበር!»