ያስነቀልኩት ቡና

እናቴ ያሳደገችኝ ሐረር ውስጥ፣ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጥሬ ቡና እየሸጠች ነው። አባቴን በደንብ አላስታውሰውም፤ ሲሞት ገና ትንሽ ነበርኩ። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ለእናቴ ቡና የሚያቀርቡላትን ገበሬ «አባባ» ማለት የጀመርኩት። ማንም እንዲህ በይ ብሎ አላስተማረኝም። እሳቸውም አልከለከሉኝም።

መንደራቸው ከሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በቡና ጊዜ ጆንያቸውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ይመጡና እሱ እስኪወርድ ድረስ ዓይናቸውን ከላዩ አይነቅሉም ነበር። ሱቅ ሲደርሱ ጆንያውን ፈትተው አንድ እፍኝ ቡና ያወጡና እናቴ መዳፍ ላይ ያፈሱላታል። እናቴ ታሸተዋለች፣ በጣቷ ትገላብጠዋለች።

«ዘንድሮ ገበያው እንዴት ነው?» ይሏታል።

«ያው ነው፣ ምንም አልጨመረም።»

«ያው ከሆነ ያው ይሁን። አልሐምዱሊላህ።»

በየዓመቱ ይህንኑ ይባባላሉ። ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም።

ትምህርት ሲዘጋ እናቴ አንዳንዴ እሳቸው ጋ ትልከኝ ነበር። ከእኔ በአንድ ዓመት የምትበልጥ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሚስታቸው ልጅቱ ጡት ሳትጥል ነው የሞቱት። ከቤታቸው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ያለውን ቡና ሁለቱ በተጋቡበት ዓመት አብረው እንደተከሉት፣ ዝናቡ ሲጠፋም ሚስታቸው ከምንጭ ውኃ በጀርባቸው እየተሸከሙ እያንዳንዱን ችግኝ እንዳጠጡ የነገረችኝ ልጅቱ ናት። እናቷን በፎቶ እንኳ አታውቃቸውም። «ይሄን እማዬ አጠጥታዋለች» እያለች ግንዱን በእጇ ትዳስሰው ነበር። ቡናውን ለቅመን ስንጨርስ አባቷ ከደረቀ የቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ በወተት አፍልተው ይሰጡናል። ሚስታቸው ያፈሉ እንደነበረው መሆኑን ሳይናገሩ አያልፉም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ተማርኩ። ስመረቅ እዚሁ ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆንኩ። እናቴ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታወራ ነበር። አባባም ሰምተው ኖሮ፣ በዚያው ዓመት ጆንያቸውን ካስረከቡ በኋላ አልሄዱም። ሱቁ ደጃፍ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጡና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ገበያ ተምረሻል አሉኝ።»

«አዎ አባባ።»

«ጎረቤቶቼ ቡናቸውን እየነቀሉ ጫት እየተከሉ ነው። ሁሉም ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ። እኔ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ትምህርቱ ምን ይላል?»

እንዴት ደስ እንዳለኝ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሽማግሌ ሰው ምክር ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከሳሙና ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደድኩና ሁለት መስመር አቋርጬ ሣልኩላቸው። አንዱ ገዢው ነው፣ ሌላው ሻጩ ነው፣ የሚገናኙበት ቦታ ዋጋው ነው አልኳቸው። ቡና በዓመት አንዴ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ዋጋውም ለዓመታት እንዳልተነቃነቀ፣ ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ እንደሚቆረጥ፣ ፈላጊውም ከድሬዳዋ አልፎ ድንበር እንደሚሻገር አስረዳኋቸው። የገዢውን መስመር በእስክሪብቶ ወደ ላይ እየገፋሁ ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ አሳየኋቸው።

ካርቶኑን ከእጄ ወስደው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሻካራ ጣታቸው የሻጩን መስመር ነኩ።

«እኔም ተከልኩ እንበል። ጎረቤቴም ተከለ። ከማዶ ያለውም ተከለ። ያን ጊዜ ይሄኛው ወዴት ይሄዳል?»

ትክክለኛው ጥያቄ ያ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ቢጠይቀኝ ኖሮ ክፍሉን ሙሉ ባስጨበጨብኩለት ነበር። እኔ ግን ሳቅ ብዬ፣ «አያስቡ አባባ፣ የጫት ፈላጊ አያልቅም» አልኳቸው።

እናቴ ቡና እያበጠረች ትሰማ ነበር። እሳቸው ሲሄዱ፣ «በሰው እርሻ ላይ እንዲህ በቶሎ ይፈረዳል?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ የተማርኩት ይሄንኑ ነው።»

ወንፊቷን አነሳችና ሥራዋን ቀጠለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጃቸውን ሸዋ በር ገበያ መሃል አገኘኋት። እንደ ድሮው አልሳመችኝም።

«አባቴ ቡናውን ነቀለው» አለችኝ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ግማሹን እንኳ ተው ብዬ ለምኜው ነበር። አስተማሪዋ ታውቃለች አለኝ።»

 ይጠቅማችኋል፣ ታያለሽ፣ የሚል ነገር የተናገርኩ ይመስለኛል። ዘንቢሏን አነሳችና ወደ ሚኒባሶቹ ሄደች። በዚያው ሰሞን አባባ የተፈለጠ የቡና ግንድ በገመድ አስረው ለእናቴ ማገዶ ይዘውላት መጡ። እናቴ አመስግና ተቀበለቻቸው፤ ግን አላነደደችውም። ጓሮ ከምራው ዝናብ ሲመታው ከረመ።

ጫቱ ሲደርስ ግን እኔ ያልኩት ሆነ። መጀመሪያ ላይ ያልኩት ሁሉ ሆነ። አባባ የሳር ቤታቸውን በቆርቆሮ ከደኑ። ለአረፋ የበግ እግር ላኩልን። ሸዋ በር ሲያገኙኝ ሁለት እጄን ይዘው «አላህ እውቀትሽን ይጨምርልሽ» ብለው ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር። እኔም ክፍል ውስጥ ስለ አንድ ብልህ ገበሬ ማስተማር ጀመርኩ። ስማቸውን አልጠራም እንጂ እሳቸው ነበሩ። ገበያን አንብቦ የወሰነ ሰው እያልኩ እንደ ራሴ ሥራ እኩራራባቸው ነበር።

እንዲህ ሆኖ የቆየው ጥቂት ዓመት ነው። በየተዳፋቱ ቡና የነበረው ሁሉ ጫት ሆነ። ከዚያ ድንበር ተሻግሮ የሚገዛው ሰው እየቀነሰ መጣ፤ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ መኪናው ሳይንቀሳቀስ የሚያድርበት ቀን በዛ። ቡና ቢሆን ጆንያ ውስጥ ሆኖ ገበያው እስኪሻል ይጠብቃል፤ ጫት ግን ጠዋት ተቆርጦ ማታ ካልተሸጠ የፍየል ነው። ገዢዎቹም ይህን ስለሚያውቁ አይቸኩሉም። ቆመው ቅጠሉ እስኪጠወልግ ይጠብቃሉ። ይህም የመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ካርቶኑ ላይ በሣልኩላቸው ቀን ግን ለአባባ አልነገርኳቸውም።

የሚረከባቸው ነጋዴ ሲተዋቸው አባባ ጫታቸውን ራሳቸው ተሸክመው ሸዋ በር መቀመጥ ጀመሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቸዋለሁ። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ጫቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ደርበው፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ እየረጩ፣ አላፊውን ቀና ብለው ያዩታል። መጣራት አያውቁበትም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ደንበኛ ብቻ የነበራቸው ሰው ናቸው። አጠገባቸው ያሉት ወጣት ሻጮች እየጮኹ ሲሸጡ እሳቸው ጫታቸው ላይ ውኃ ይረጫሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ሰላም እላቸው ነበር። ከዚያ ግን አልቻልኩም። ቤታችን ግንቡ ውስጥ ስለሆነ በሸዋ በር መግባት ይቀርበኛል፤ እኔ ግን ዞሬ በፈላና በር መግባት ጀመርኩ። እናቴ ለምን እንደማመሽ ስትጠይቀኝ የተማሪ ደብተር ሳርም ነው አልኳት። ብዙ ወር እንዲህ አደረግሁ። ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው እንዲህ ይሆን ይሆናል እላለሁ አንዳንዴ።

ቡና መወደድ የጀመረው በዚያው ጊዜ ነው። ቡናው ተነቅሎ አልቋል፣ ፈላጊው ግን አልቀነሰም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸጠው ሰምታው የማታውቀውን ዋጋ ራሷ መጥራት ጀመረች። በኪሎ ይገዙ የነበሩ ደንበኞቿ በስኒ ስፈሪልን አሉ፤ ከዚያም ዋጋውን ጠይቀው የሚመለሱ በዙ። እሷም የምትሸጠው ስታጣ አንዳንድ ቀን ሱቋን ዘግታ ትውላለች።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ እሷን እየረዳሁ ሳለ አባባ ገቡ። ከስተዋል። የምደበቅበት ቦታ አልነበረም።

«የእኔ እህት» አሏት እናቴን። «ቁጢ አይኖርሽም? ቅጠሉ ብቻ ቢሆን ይበቃኛል። ቡናውንስ አልጠይቅሽም።»

 የቡናው ባለቤት እሳቸው ነበሩ፤ ቅጠሉ እግራቸው ስር እየረገፈ ሲረግጡት የኖሩ ሰው ናቸው። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ጥቂት ቅጠልና በላስቲክ የቋጠረችውን ቡና ይዛ ወጣች። ቡናውን አልቀበልም አሉ። «ወላሂ አልወስድም» ብለው ቅጠሉን ብቻ በኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠፋሽ ልጄ። ደኅና ነሽ? ሥራው ከበደሽ?»

«ደኅና ነኝ አባባ» አልኳቸው።  ሲሄዱ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እናቴም እንዳለቅስ ተወችኝ።

በበጋው ልጃቸው ልትሰናበተን መጣች። አረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ ነበር። እናቴ አባትሽን ለማን ትተሽ ብላ ለመነቻት።

«እዚህ ቆሜ ምን ልሸጥ?» አለቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ደግሞ ገበያው የፈለገው እኔን ነው» አለች። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አባባ ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ነበሩ። ክረምቱ ሲገባ መታመማቸውን የሚኒባስ ረዳት ነግሮን ከእናቴ ጋር ሄድን። መደብ ላይ ተጋድመው ነበር፤ ጎረቤት አጥሚት ታመጣላቸዋለች። መንገድ ላይ ስንመጣ ሰው ጫቱን እየነቀለ መልሶ የቡና ችግኝ ሲተክል አይተን ነበር። አጠገባቸው ተንበርክኬ «አባባ፣ ዐውፍ ይበሉኝ» ብዬ ይቅርታ ለመንኳቸው።

«ለምኑ?»

«ያስነቀልኩዎት እኔ ነኝ። ጠይቀውኝም ነበር። መልሱን ሳላስብ ነው የመለስኩት።»

ጣሪያውን አዩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር።

«ዋጋው እንደሚወርድ ያኔ ቡናቸውን ያልነቀሉ ጎረቤቶቼም ነግረውኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄም ነግራኛለች። እኔ አንቺ እንዳልሽው እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ደክሞኝ ነበር እኮ። በየዓመቱ ያው፣ ያው። ቀደር ነው ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው። ዐውፍ ብዬሻለሁ።» ትንሽ አረፉና፣ «እሷን ግን አላውቅም» አሉ።

ማንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ልጃቸውን ይሁን ሚስታቸውን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ያረፉት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጀናዛቸው በዚያው ቀን ስለተቀበረ እኛ የደረስነው ለለቅሶ ነው። እኔና እናቴ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ ልጃቸው ለጎረቤቷ በቪዲዮ ደወለች። አሠሪዎቿ ውሏን ሳትጨርስ ልመለስ ብትል አልፈቀዱላትም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ፊቷ አብጦ ነበር፤ ከጀርባዋ የሰው ቤት ነጭ ግድግዳ ይታያል።

«ልብሱን ለመስጊድ ስጪልኝ» አለችኝ። «ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ገብቶ እንዲነካው አልፈልግም።»

«እሺ። እሰጣለሁ።»

ሌላ የምትለኝ ያለ መስሎኝ ጠበቅኩ። ከበስተጀርባዋ ሰው ጠራት መሰለኝ ስልኩ ተዘጋ።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ከእናቴ ጋር ወደ ጓዳው ገባን። ብዙ ልብስ አልነበራቸውም፦ ሁለት ሽርጥ፣ ክርኑ የተጣፈ ኮት፣ ለጁምዓ የሚለብሱት ነጭ ጀለቢያ፣ ኮፍያ። እናቴ አንድ በአንድ እያጠፈች ሰጠችኝ፣ እኔም በጨርቅ ቋጥሬ ለመስጊዱ ሰውዬ አስረከብኩ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፏል። መሬቱን ጎረቤት እያረሰው ነው፣ እናቴም ቡና መሸጥ ትታ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ልጃቸው ለዒድ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ሙቀቱ፣ መቼ እንደምትመጣ እናወራለን። አባቷ ዐውፍ እንዳሉኝ ነግሬያታለሁ። እሷን ግን እስካሁን አልጠየቅኳትም።