አራስ ብቻዋን አታድርም

ከእስቴ ልወጣ ዋዜማ ማታ ቤታችን የለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ማንም አልሞተም እኮ! እኔ ማንጠግቦሽ፣ ጎንደር ተምሬ ነርስ የሆንኩት፣ አዋላጅነትን ጠንቅቄ እንድማር የጃንሆይ መንግሥት ስኮትላንድ ሊልከኝ ነው። እማዬ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥግ ይዛለች።

"ምነው እማዬ፣ በቁሜ ታለቅሽኛለሽ?"

"ዝም በይ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው" አለችኝ።

የነፍስ አባታችን አባ ገብረ መድኅን መስቀል አሳለሙኝና፣ "እዚያ አገር ጾም አለ?" አሉኝ።

"እንጃ አባ፣ አላውቅም።"

"እንግዲያው አንቺ ይዘሽላቸው ሂጂ" ብለው ሳቁ።

ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ ግን አልሳቀችም። ሁለት ልጆቿ ምጥ ላይ ቀርተውባታል፤ በሁለተኛው ራሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና፣ "ካሁን ወዲያ ያለ አንቺ እጅ አልወልድም" አለችኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ እግዜር ሲሰጥሽ ቆይ፣ እህቴ እስክትመጣ ጠብቀኝ ልትይው ነው?"

"አዎ፣ እለዋለሁ።"

እንዲህ ናት እሷ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባሕር የተሻገርኩት ለሷ ብዬ ነው።

በማግስቱ በበቅሎ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በመኪና፣ ከዚያ በአይሮፕላን ሄድኩ። የጉናን ውርጭ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ብርድ ምን ያደርገኛል እል ነበር። ወይ አለማወቅ! የጉና ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃችኋል፤ የዚህኛው አብሯችሁ ቤት ገብቶ አልጋችሁ ላይ ይተኛል። ዝናባቸውም መስከረም አይጠባለትም። ጠዋት ጠዋት ፖሪጅ የሚሉት ነገር አላቸው። መጀመሪያ ቀን ገንፎ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ስቀምሰው ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፤ የገንፎ ተዝካር በሉት።

የሆስፒታሉ የነርሶች አለቃ ማትረን ትባላለች። እኛ አገር ብትወለድ ፊታውራሪ ትሆን ነበር። ስሜ አልዋጥላት ብሎ ነርስ ማንቲ ብላ ጠራችኝ። የተጣላነው በመስኮት ነው። በዚያ ብርድ የአራሶቹን መስኮት ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ ዞር ስትል እዘጋዋለሁ፤ ተመልሳ ትከፍታለች።

"ንጹሕ አየር ለእናቶች ጥሩ ነው፣ ነርስ ማንቲ።"

"አራስን ንፋስ ይመታታል፣ ማትረን።"

"ንፋስ ሰው አይመታም።"

"ኧረ ማትረን! እኛ አገር ንፋስ መውጫ የሚባል ከተማ አለ፤ ይህን ነገር እኛ እናውቀዋለን።"

ከዚያ አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር መጣች። ባሏ መርከበኛ ነው፣ እናት የላት፣ እህት የላት። ስታምጥ አብሬያት ዋልኩ፤ ሴት ልጅ በእጄ ወለደች። ትኩሳት ቢጤ ስለነበራት ለብቻዋ ክፍል አስተኟት። ሥራዬን ጨርሼ ልወጣ ስል የማታዋን ነርስ፣ "ማን ነው አብሯት የሚያድረው?" አልኳት።

"ማንም። ደወል አላት፣ ከፈለገች ትደውላለች።"

ለአራስ ደወል! እኛ አገር አራስ እስከ ክርስትና ድረስ አጠገቧ ሰው አይጠፋም። ጎረቤት ተራ ገብቶ ያድራል፤ ለሽንት እንኳ ብቻዋን አትወጣም። የተማርኩት መጽሐፍ እንዲህ እንደማይል አውቃለሁ። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ኮቴን ሰቅዬ ወንበር ሳብኩ።

ጠዋት ማትረን ጫማዬን አውልቄ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ አገኘችኝ።

"ተረኛ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ዘመድሽ ናት?"

"አይደለችም።"

"ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አራስ እየጠበቅሁ ነው።"

"ከምን?"

እዚህ ላይ ተያዝኩ። አራስ የሚለክፈው ነገር በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? "ከብቸኝነት" አልኳት። ማትረን ወደ አልጋው አየች፣ ወደኔ አየች፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ሁለተኛ እንዲህ ብታደርጊ ለፈተና አትቀመጪም" ብላኝ ወጣች።

ቤት ስደርስ ደግሞ አከራዬ ሚስስ ሪድ በር ላይ ቆማለች። "የኔ ቤት የጨዋ ቤት ነው። ማታ የት አደርሽ?"

"አራስ ጋ።"

"የማን አራስ?"

"አላውቃትም።"

"ምነው፣ ብትዋሺ እንኳ ትንሽ ደህና ውሸት ምረጪ እንጂ!"

ያን ሰሞን ነው እትዬ ጥሩወርቅ ማርገዟን የሰማሁት። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ወራቱን ቆጠርኩ። የመውለጃዋ ወር ከፈተናዬ ወር ጋር ገጠመ። ማትረንን ልለምናት ሄድኩ። "ፈተናውን ጥለሽ ከሄድሽ የአዋላጅነት ወረቀቱን እርሺው" አለችኝ፤ በክፋት አልነበረም፣ ደንቡ ነው። ሳለቅስ ሰነበትኩ። ያለ ወረቀት ብመለስ አገር ቤት ማንም ሐኪም ምጥ ላይ ያለች ሴት አያስነካኝም። ቀረሁ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩም።

ማትረን ጠርታ፣ "እዚሁ ቅሪ፣ ቋሚ ቦታ አለሽ" አለችኝ። ቀጥላ እየተኮሳተረች፣ "ጠያቂ የሌላት እናት ስትመጣ ከሥራ በኋላ አጠገቧ ብትቀመጪ አላየሁም" አለች። አንገቷን ባቅፋት ደስ ባለኝ፤ እዚህ አገር ግን ማትረን አይታቀፍም። ከቤት ወሬ ልስማና እነግርሻለሁ ብያት ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከቤት ግን ወሬ ጠፋ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ የኛ ሰው ውጭ ላለ ሰው መርዶ አይልክም። ደህና ነን ይላል። የሞተውም ደህና ነው፣ የቀበረውም ደህና ነው። የመውለጃዋ ወር አለፈ፣ ሌላም ወር ተከተለ። ከዚያ ቴሌግራም መጣ፤ ደብረ ታቦር ሄደው ስልክ ሊደውሉልኝ ነው። ለምን እንደሆነ አይልም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በተባለው ቀን ከሰዓት በኋላ የሚስስ ሪድ ስልክ ጮኸ።

"ሃሎ! እማዬ?"

"ማንጠግቦሽ! ደህና ነሽ ወይ? እንደምን ከረምሽ? ብርዱን እንዴት ቻልሽው?"

"ደህና ነኝ። እትዬ ጥሩወርቅስ?"

"ሁላችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከብቱም ደህና ነው።"

ከብቱን ከጠራች አልቋል አልኩ። "እማዬ፣ በማርያም፣ ድምጿን አሰሚኝ!"

"ቆይ እንጂ! ሰላምታዬን ልጨርስ፣ ምን ያጣድፍሻል?"

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ፣ "ማንጥዬ" አለ አንድ ድምፅ።

"አለሽ? እትዬ፣ አለሽ?"

"የት እሄዳለሁ? ወንድ ልጅ ነው፤ እዚሁ እማዬ ጀርባ ላይ ተኝቷል። ክርስትናው ሳያልፍ አትወጪም ብለው ነው ያቆዩኝ።"

እሪ ብዬ አለቀስኩ። ሚስስ ሪድ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ ይዛ እየሮጠች መጣች።

"ስሚ፣ ምጡ ጠንቶብኝ ነበር" አለች እህቴ። "ሴቶቹ ማርያም ማርያም በይ ይሉኛል፣ እኔ ያንቺን ስም እጠራለሁ። ኋላ ለአባ ተናዘዝኩ።"

"ምን አሉሽ?"

"እመቤታችን እያለች ስኮትላንድ ያለች ነርስ ትጠሪያለሽ? ብለው ተቆጡኝ። ስግደት ሰጡኝ።"

"ታዲያ ሰገድሽ?"

"ግማሹን ሰግጃለሁ" አለች። "ግማሹ ያንቺ ነው፤ ራስሽ መጥተሽ ስገጂ።"

መስመሩ ተቋረጠ።